ወጥ ቤትና ሰዋስው ቤት

በልጅነቴ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በማለዳ የሚወርድ ሰው ሁለት ዓይነት ሸክም ያይ ነበር። አንደኛው ከእንጦጦ ተራራ በሴቶች ጀርባ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ሲሆን፣ ሁለተኛው በተማሪዎች ብብት ሥር ሆኖ ወደ ዩኒቨርሲቲው በር የሚገባው መጽሐፍ ነበር። ጭራሮው ወደ ምጣድ ሥር፣ መጽሐፉ ወደ አእምሮ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን አንድ መንገድ ከመጋራታቸው በቀር የሚያገናኛቸው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ግን እንደዚያ አላስብም። አሳቤን ያስለወጠኝን ነገር ለአንባብያን ለማካፈል እወዳለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት በተደረገ የባህል ቀን ዝግጅት ላይ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት ለጉዳዩ አይጠቅምም። ሠራተኞቹ መክረው «የጥንት ኢትዮጵያ ገበታ» የሚል የምግብ ትርኢት ለማቅረብ ወሰኑ፤ እኔም መዝገብ ቤት ስለምሠራና የታሪክ መጽሐፍ ከእጄ ስለማይጠፋ በኮሚቴው ውስጥ ተጨመርሁ። በዕለቱ በጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን ባየሁ ጊዜ ግን ደነገጥሁ። ደም የመሰለ ቀይ ዶሮ ወጥ «የአክሱም ዘመን ወጥ» የሚል ጽሕፈት ቆሞለታል። ከአጠገቡ ያለው የድንች አልጫ «የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ግብር» ተብሏል። ጀበናው ከነረከቦቱ «የመካከለኛው ዘመን የቤተ መንግሥት ቡና» የሚል ስም ተሰጥቶታል።

ወደ ሰብሳቢው ቀርቤ በትሕትና፣ ጽሕፈቶቹ ቢነሡ ምግቡ ግን እንዳለ ቢቀርብ እንደሚሻል ነገርኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «ወንድሜ፣ እንግዶቹ የሚመጡት ሊበሉ ነው እንጂ ሊፈተኑ አይደለም። ቀይ ያልሆነ ወጥ ደግሞ ማን ይነካዋል?» አሉኝ። ጥቂት ቆይተውም፣ «ይህ ሁሉ የታሪክ ንባብ ለሰው ምን ይፈይዳል? አንድ እንጀራ አይጋግር!» ብለው ጨመሩበት። ሰው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሳቄ ከልብ አልነበረም ለማለት አልደፍርም። በዚያው ሰሞን፣ እናቷ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ከሄደች ወዲህ ከእኛ ጋር የምትኖረው የእኅቴ ልጅ፣ በሚመጣው ዓመት ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ትማር እንደ ሆነ ምክር ጠይቃኝ፣ ታሪክና ቋንቋ እንደምትወድ እያወቅሁ «እንጀራ ያለበትን ምረጪ» ብያት ነበርና። ሰብሳቢው የተናገሩት የእኔኑ ቃል ነበር ማለት ነው። ነገሩ ያንገበገበኝም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ጽሕፈቶቹ እንመለስ። ዛሬ ወጣችንን የሚያቀላው በርበሬ የተገኘው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ክሪስቶፎሮ ኮሎምቦ በ1492 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ወደዚያ እስኪደርስ ድረስ በአፍሪካም፣ በእስያም፣ በአውሮፓም የቀመሰው ሰው አልነበረም። ወደ አገራችንም የገባው ከዚያ በኋላ ነው። አክሱም ደግሞ በገናናነቱ የታወቀው ከዚያ ከሺህ ዓመት በፊት ነው። ድንችም የአሜሪካ ተወላጅ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ቪልሄልም ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እንደ ሆነና ዘመኑም 19ኛው ምዕተ ዓመት እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዚያን ጊዜ ካረፉ ወደ 400 ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ቡና በእርግጥ የራሳችን ዛፍ ነው። ነገር ግን የሰሜንና የመካከል አገር ክርስቲያኖች የሌላ ሃይማኖት መጠጥ ነው እያሉ ለብዙ ዘመን ይርቁት ነበር፤ በቤታቸው የተለመደው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ ይልቁንም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ቁንዶ በርበሬ» እና «በርበሬ» ብለን ሁለት የማይዛመዱ ተክሎችን በአንድ ስም እንጠራለን፤ አንደኛው የሕንድ ሐረግ ፍሬ ነው፣ ሁለተኛው የአሜሪካ ቁጥቋጦ ነው። እስፓኞችም እንዲሁ አዲሱን ተክል ባዩ ጊዜ በሚያውቁት በቁንዶ በርበሬ ስም ጠሩት። ስለዚህ በአሮጌ ጽሑፍ ውስጥ «በርበሬ» የሚል ቃል ያገኘ ሰው ወዲያው ቀይ ወጥ ሊታየው አይገባም። ጽሑፉ የተጻፈበትን ዘመን፣ ቃሉ ያን ጊዜ የያዘውን ትርጓሜ፣ የዕቃውን የንግድ መንገድ መጠየቅ አለበት። በቆሎን አባቶቻችን «የባሕር ማሽላ» ማለታቸውን ልብ ያለ ግን እህሉ ከባሕር ማዶ እንደ መጣ ያለ ሌላ መምህር ይገባዋል። አንድ ቃል አንዳንድ ጊዜ አንድ ምዕራፍ ታሪክ ይሸከማል።

ታዲያ በርበሬ ሳይመጣ በፊት ወጣችን ምን ነበረ? ኮረሪማ የአገራችን ፍሬ ነው። ዝንጅብል፣ ጥምዝና ቁንዶ በርበሬ በጥንቱ የባሕር ንግድ ሊገኙ የሚችሉ ናቸው። ስናፍጭ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ኃይል አለው። ቅቤው አለ፤ ሥጋው አለ። ዛሬ አልጫ ብለን ከቀዩ በታች የምናስቀምጠው ወጥ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከቀዩ ይልቅ ለጥንቱ ገበታ የሚቀርብ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

ከጥንቱ ገበታ በጽሑፍ ከቀሩልን ምስክሮች መካከል እጅግ የሚያስደንቀኝ በ4ኛው ምዕተ ዓመት የነገሠው የንጉሥ ኤዛና የድንጋይ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በጽርዕ፣ በግእዝና በሳባ ፊደል የተቀረጸ ሲሆን፣ የንጉሡ ወንድሞች ሸዐዛናና ሐደፋ በቤጃ ላይ ዘምተው ስድስት ነገሥታትን ከነሕዝባቸው ማርከው እንዳመጡ ይናገራል። የተማረኩት ሰዎች ቍጥር 4,400 ነበር። ንጉሡም አዲስ አገር ሰጥቶ እስኪያሰፍራቸው ድረስ ለአራት ወር በየቀኑ 22,000 የስንዴ ኅብስት፣ ሥጋም፣ ጠላና ወይን ጠጅም ይሰጣቸው እንደ ነበር ተጽፏል።

ይህን በመጀመሪያ ሳነበው የነገሥታት ፉከራ መስሎኝ አልፌው ነበር። በኋላ ግን እርሳስ አንሥቼ 22,000ን ለ4,400 ባካፍል ያለ ምንም ትርፍ 5 ደረሰኝ። ለአንድ ሰው በቀን አምስት ኅብስት ማለት ነው። ፉከራ እንዲህ ተካፍሎ አይገጥምም፤ ይህ የስንቅ ጸሐፊ ሒሳብ ነው። ከ1,600 ዓመት በላይ የሆነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ወረቀትና ቀለም ሳይሆን መዝገብና ቍጥር ይዞ በግምጃ ቤት በር ላይ ቆሞ ታየኝ። ወሩን በ30 ቀን ብንይዘው በአራት ወር 2,640,000 ኅብስት ይሆናል። ያን ሁሉ ስንዴ የፈጨው ማን ነው? ድንጋዩ ስለ እርሱ ዝም ብሏል። በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው ያደሩት ሴቶች ስም በሦስቱም ፊደል አልተጻፈም።

ከኤዛና ወደ መካከለኛው ዘመን ስንወርድ «ሥርዓተ ግብር» የተባለ የቤተ መንግሥት የግብር ደንብ እናገኛለን። በየበዓሉ ምን እንደሚቀርብ፣ ለማን ምን እንደሚደርስ፣ ማን ምን እንደሚያገባ በግእዝና በጥንታዊ አማርኛ ቅልቅል ያትታል። ማንፍሬድ ክሮፕ የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅ በ1980 ዓ.ም. ገደማ ስለዚህ ጽሑፍ ጥናት አሳትመዋል። በውስጡ ካሉት የምግብና የዕቃ ስሞች ብዙዎቹ ዛሬ ከአፋችን የጠፉ ናቸው። ጎበዝ ወጥ ሠሪ ጽሑፉን ይዛ ወደ ማድ ቤት ብትገባ አንድ ድስት አትጥድም፤ በመጀመሪያ ቃሉን የሚፈታላት ያስፈልጋታል። ቃሉን የሚፈታውም ድስት ጥዶ የማያውቅ እንደ ሆነ ፍቺው ሳይበስል ይቀራል። ሁለቱ ካልተቀመጡ በቀር ያ ገበታ እንደ ተከደነ ይኖራል።

ይልቁንም «ግብር» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ያስተምራል። በግእዝ «ገብረ» ማለት ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ከዚህ ሥር ሥራውም ግብር፣ ለመንግሥት የሚገባውም ግብር፣ ንጉሡ የሚያበላውም ድግስ ግብር ተባለ። የሚከፍለው ሰው ገባር ነው። ሦስቱ ትርጓሜዎች ሦስት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ አንዱ እህል ከእርሻ እስከ አዳራሽ የሄደበት መንገድ ነው። «ማድ ቤት»ም ከግእዙ «ማእድ» የመጣ ሆኖ፣ በቀድሞው ሥርዓት የወጥ መሥሪያ ክፍል ብቻ ሳይሆን ምርቱ ለቤተ መንግሥት ቀለብ የሚገባ መሬትም ስም ነበር። የሰዋስው ትምህርት ያልደረሰው ሰው ግብር ሲሉት ጠጅና ብርንዶ ብቻ ይታየዋል። የተማረ ግን ከጠጁ ኋላ የሚያርሰውን ገበሬ ያያል። (በየዓመቱ ሐምሌ ሲመጣ ወደ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሚሰለፉት ነጋዴዎችም በዚህ ቃል ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላቸው፤ ድግሱን ግን እስካሁን አላዩትም።)

ወደ እኛው ሰፈር ስንመጣ፣ ከጉለሌ በላይ ባለው ተራራ ላይ በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ የተደረገው ግብር በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። መጽሐፉ በ1959 ዓ.ም. በአማርኛ ታትሟል። የዚያ ድግስ ነፍስ እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። ኋላም በአዲስ አበባ ግቢ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በተሠራው ታላቅ የግብር አዳራሽ በሺህ የሚቈጠር ሰው በየተራው እየገባ ይበላ ነበር። አዳራሹን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድነት ፓርክ ውስጥ ሕዝብ እየገባ ሊያየው ችሏል።

ነገር ግን የእንጦጦውን ድግስ ብቻ አንብቦ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው ግማሽ ታሪክ ይዞ ይሄዳል። ከድግሱ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገሩን ከብት ጠራርጎ ፈጀው፤ ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ስለ ጠፋ እርሻው ጾም አደረ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው «ክፉ ቀን» መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቈፈራቸው የታወቀ ነው። የዚያ ዘመን ምግብ በማንኛውም ትርኢት ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ አላየሁም። ሰው በክፉ ቀን የሚበላው ግን የራሱ ጥበብ አለው። ጓያን እንውሰድ፤ ድርቅን የሚችል እህል በመሆኑ ሌላው ሲከዳ እርሱ ይቀራል፤ ነገር ግን ለወራት እርሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሊሰለል ይችላል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል መርዙን እንደሚቀንስ የዛሬ ምርምር አረጋግጧል። ከጓያ ጋር ሌላ እህል የምትቀላቅል ባልቴት የኬሚስትሪ ክፍል ሳትገባ ከዚሁ እውነት ደርሳ ነበር። እርሷ የምታውቀውን ሳንጽፍ የሞተች እንደ ሆነ ግን ልጆቻችን በእግራቸው ይከፍሉበታል።

ማገዶውም ቢሆን ታሪክ ሠርቷል። ምኒልክ ግቢና ከተማው በየቀኑ የሚፈጁት እንጨት በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረውን ደን ስለ ጨረሰው፣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋናውን ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማይቱን በስፍራዋ ያስቀራት በ1880ዎቹ መጨረሻ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በልጅነቴ ያየኋቸው ሴቶች በጀርባቸው የተሸከሙት እንግዲህ ጭራሮ ብቻ አልነበረም።

አሁን ሰብሳቢው ወደ ጠየቁኝ ጥያቄ ልመለስ። የጥንት ሮማውያን ለነጻ ሰው የሚገቡ ጥበባት የሚሏቸው ትምህርቶች ነበሩ፤ በኋላ ዘመን ሰዋስው፣ የንግግር ጥበብ፣ አመክንዮ፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ ተብለው ሰባት ሆኑ። ወጥ መሥራት ከእነዚህ ውስጥ አልገባም፤ አፍላጦንም ቀደም ብሎ «ጎርጊያስ» በተባለው መጽሐፉ ወጥ ሠሪነት ልምድ ነው እንጂ ጥበብ አይደለም ብሏል። ታላቁን ፈላስፋ ለመሞገት አቅም ባይኖረኝም፣ ሲበላ ማን ያበስልለት እንደ ነበር ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር።

የእኛም ሊቃውንት ከእነዚያ ጋር የሚመሳሰል ሥርዓት አላቸው። ሰዋስውና ቅኔ አለ፤ ዜማ አለ፤ በዓላትን የሚያወጣው የባሕረ ሐሳብ ቍጥር አለ። በእኛ ዘንድ ግን ተማሪው ስሙን ያገኘው ከምግቡ ነው፤ አኩፋዳውን አንግቶ ከደጅ ደጅ የሚለምነው ልጅ «የቆሎ ተማሪ» ተባለ። እህል የሚሰጡት ባልቴቶች ቅኔው ስንት እንጀራ ይጋግራል ብለው እንደ ጠየቁት አልሰማሁም።

በዘመናዊው ትምህርትም ቢሆን በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥነ ጥበብንና ሳይንስን ጎን ለጎን ነበር ያስተማረው። በ1955 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዝየምም ከዘውድና ከመስቀል ጋር የቤት ዕቃን ሰብስቦ አኑሯል። ኋላ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከመቶው ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ትምህርት እንዲገባ ተወሰነ። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ለአገር እንደሚያስፈልግ ማን ይክዳል? ሆኖም በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎች ሲመለስ፣ መሐንዲሱም ሐኪሙም ታሪክን፣ ጂኦግራፊንና የአመክንዮን ትምህርት እንዲቀምስ ተደርጓል። እኔ በአባቴ ሞት ምክንያት ከሁለተኛ ደረጃ ወዲያ ስላልሄድሁ፣ ይህን የምናገረው ከአጥር ውጭ ሆኜ ነው።

ባለፈው ዓመት በአንድ የፍስክ እሑድ፣ ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች የገዛሁትን ድስት ይዤ ወደ ቤት ገባሁና ወላጅ እናቴን ያለ በርበሬ የበግ ወጥ ትሠራልኝ ዘንድ ለመንኋት። የእኅቴ ልጅ ደብተር ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። እናቴ ቅቤውን አነጠረች፤ ዝንጅብሉን፣ ጥምዙን፣ ኮረሪማውን በየተራው ጨመረች፤ ስናፍጩን ለብቻው በጥብጣ አስቀመጠች። ቀምሳም፣ «ይኸ ለአራስ ነው የሚሆነው» አለች። ጥቂት ዝም ብላ ቆይታ ግን፣ «አያቴ በርበሬ ያልያዘ ዓመት እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ረስቼው» አለች። ይህን ነገር በሠላሳ ምናምን ዓመቴ ከእናቴ አፍ መስማቴ ነበር።

ልጅቱ ቀና ብላ፣ «አጎቴ፣ ወጥ የሚለው ቃል ራሱ ከምን መጣ?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያው አውርጄ ሰጠኋትና ሁለታችንም በላዩ ላይ አቀርቅረን ሳለ እናቴ ከወዲያ፣ «አረረ እኮ! ድስቱን የሚያማስል ጠፋ!» ብላ ጮኸች።

ማታ የትምህርት ቤቱን ቅጽ አምጥታ በወላጅ ስፍራ እንድፈርምላት ጠየቀችኝ። ማኅበራዊ ሳይንስ በሚለው ላይ ምልክት አድርጋለች። ቀድሞ ስለ እንጀራ የመከርኋትን እርሷም አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁም። ስፈርም እጄን በደንብ ስላልታጠብሁ የቅቤ ጣት በወረቀቱ ጥግ ላይ ታተመ። ይመልሱታል ብዬ ሠግቼ ነበር፤ ተቀበሉት።